ድሮ ወደኖራችሁበት አገር ከነልጆቻችሁ ለእረፍት ስትሄዱ

ለዓመታት ኖራችሁ ወደወጣችሁበት አገር ለእረፍት መመለስ ከሌላው ጉዞ ሁሉ ይለያል። ቱሪስት አይደላችሁም፤ ነዋሪም አይደላችሁም። መንገዱን ታውቁታላችሁ፣ ቤት ግን የላችሁም። ብዙ ቤተሰብ የሚቸገረው ይህን ረስቶ "አገሩን እናውቀው የለ እንዴ" ብሎ ሳይዘጋጅ ስለሚነሳ ነው። እንዲያውም ከማታውቁት አገር ይልቅ ለዚህኛው የበለጠ መዘጋጀት ያስፈልጋል።

1. ማን ምን ሊያይ እንደሚሄድ ተነጋገሩ

ትኬት ሳትቆርጡ አንድ ማታ ሰብሰብ በሉ። ሁሉም ከዚያ አገር የሚያስታውሰውን ይናገር። ወሬው እንደማይገጥም ያኔ ታያላችሁ። አባት የድሮ የሥራ ባልደረቦቹ ናፍቀውታል። ትልቋ ልጅ በ8 ዓመቷ የተለየቻት ጓደኛዋን ማግኘት ትፈልጋለች። ትንሹ ደግሞ ስትወጡ ገና 2 ዓመቱ ነበር፤ ምንም ትዝ አይለውም።

አይፈረድበትም። አብዛኛው ሰው 3 ዓመት ተኩል ገደማ ሳይሞላው የሆነውን ነገር አያስታውስም። አስታውሳለሁ ቢልም ብዙ ጊዜ ፎቶ ላይ ያየውን ወይም ሲወራ የሰማውን ነው። ስለዚህ በየደረሳችሁበት "ትዝ ይልሃል?" እያላችሁ አታስጨንቁት። ለእሱ አዲስ አገር ነው። እንደ አዲስ አገር አሳዩት።

ከዚያ እያንዳንዱ ሰው "ይሄማ ሊቀርብኝ አይገባም" የሚለውን አንድ ነገር ይምረጥ። አንድ ብቻ። ለዚያ ነገር ቀን ይያዝለት፤ ሌላው ፕሮግራም በእሱ ዙሪያ ይገባል። አገሩን ጭራሽ አይቶት የማያውቅ ባል ወይም ሚስት ካለም ምርጫው ከሌላው እኩል ይቆጠር። በእንዲህ ዓይነት ጉዞ ብቻውን የሚቀረው ብዙ ጊዜ እሱ ነው፤ ሰው ሁሉ እየሳቀ የሚያወራው ስለማያውቀው ዘመን ነውና።

2. ወረቀታችሁን አጣሩ

እዚህ ጋ አትቸኩሉ። ብዙ አገሮች ፓስፖርት ከገባችሁ በኋላ ቢያንስ ለ6 ወር የሚያገለግል እንዲሆን ይፈልጋሉ። የልጆች ፓስፖርት ከአዋቂ ፓስፖርት ቶሎ ስለሚያልቅ መጀመሪያ እሱን እዩ።

ቀጥሎ የዜግነት ጉዳይ አለ። እንደ ኢትዮጵያ፣ ህንድና ቻይና ያሉ አገሮች ጥምር ዜግነት አይፈቅዱም። የሌላ አገር ዜግነት ከወሰዳችሁ የምትገቡት እንደ ውጭ ዜጋ ነው። አሜሪካ በበኩሏ ዜጎቿ ሌላ ፓስፖርት ቢኖራቸውም ሲገቡም ሲወጡም በአሜሪካ ፓስፖርት እንዲጠቀሙ ታዛለች። ወንዶች ልጆች ካሏችሁ አንድ ነገር ጨምራችሁ ጠይቁ። እንደ ደቡብ ኮሪያ ያሉ አገሮች ውጭ የተወለደን ልጅ በወላጁ በኩል ዜጋ አድርገው ሊቆጥሩትና የውትድርና ግዴታ ሊጠብቁበት ይችላሉ። ቆንስላውን በጽሑፍ ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

አሁን የምትኖሩበትን አገር ወረቀት በጥገኝነት ያገኛችሁ ከሆነ ጠበቃ ሳታማክሩ ትኬት አትቁረጡ። እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የስደተኞች ስምምነት አንድ ሰው በፈቃዱ ወደሸሸው አገር ጥበቃ ከተመለሰ የስደተኝነት መብቱ ሊቋረጥ እንደሚችል ይናገራል። ለሁለት ሳምንት እረፍት የብዙ ዓመት ልፋት አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ልጆቹን ይዞ የሚሄደው አንደኛው ወላጅ ብቻ ከሆነ ከሌላኛው በሰነድ ማረጋገጫ ፊት የተፈረመ የስምምነት ደብዳቤና የልደት የምስክር ወረቀት ይያዝ። ሕፃን ካላችሁ ደግሞ ልደቱን ከበረራው ቀን ጋር አስተያዩት። በጉዞው መሃል 2 ዓመት ከሞላው ሲመለስ ታቅፎ መሄዱ ይቀራል፤ ሙሉ መቀመጫ ይገዛለታል።

3. ሐኪም ጋ ሂዱ

ከጉዞው ከ4 እስከ 6 ሳምንት አስቀድማችሁ። "እዚያ አድገን የለ፣ ምን ይነካናል" የሚለው ነገር ሰው ይገድላል፤ ቃል ያጋነንኩ እንዳይመስላችሁ። ወባ ባለበት አገር ያደገ ሰው በተደጋጋሚ በመታመም ሰውነቱ ያዳበረው የተወሰነ መቋቋም አለ። ከአገሩ ርቆ ሲኖር ግን ይከዳዋል። ውጭ የተወለዱት ልጆች ደግሞ ከመጀመሪያውም የላቸውም። ስለዚህ የምትሄዱበት አካባቢ ወባ ካለ መከላከያ ክኒኑን ልጅ አዋቂ ሳትሉ ሁላችሁም ውሰዱ። እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ከጉዞው አንድ ሁለት ቀን ወይም ሳምንታት ቀደም ብሎ ይጀመራል፤ ከተመለሳችሁ በኋላም ይቀጥላል። ማታ አጎበር አይቅር።

የቢጫ ወባ ክትባት ከዚህ በፊት ከወሰዳችሁ ካርዳችሁን ፈልጉ። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2016 ጀምሮ አንዴ የተሰጠ የምስክር ወረቀት ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ላዩ ላይ 10 ዓመት ተብሎ የተጻፈውም ቢሆን። አዲስ የሚከተብ ሰው ወረቀቱ የሚሠራለት ከተከተበ ከ10 ቀን በኋላ ነው።

ልጆቹን ስለ ውሻ አስጠንቅቁ። ከተነከሱ ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ከዚያ በቀጥታ ለክትባት መሮጥ ነው።

4. ለዘመድና ለጓደኛ ቀን መድቡ

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ባዶ ተዉአቸው። ሰውነት ከሰዓት ልዩነት ጋር የሚላመደው በግምት በቀን አንድ ሰዓት እየሆነ ነው፤ ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ደግሞ ይብሳል። እንቅልፍ ያልጠገበ ልጅ ለሰላምታ ተሰልፎ ሲያለቅስ ማየት ለማንም ደስ አይልም።

ከዚያ ሁሉንም በአንድ ቦታ በአንድ ቀን አግኙ። አንዱን ቤት ሄዳችሁ ሌላውን ብትተዉ ቅያሜ ይመጣል። ከጋራው ቀን በኋላ ለብቻ የምታገኟቸው ጥቂቶች ይሁኑ። ከእነሱም በዕድሜ የገፉትንና የታመሙትን አስቀድሙ። በሌላችሁበት ጊዜ ሰው የሞተበት ቤት ካለ ሳትደርሱት እንዳትመለሱ።

ልጆቹ ቋንቋውን ከረሱት ሰላምታና ምስጋና ብቻ አስጠኗቸው። በሰው ፊት "እስቲ ተናገር" አትበሏቸው። "የቱ አገር ይሻልሃል?" የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። መንገድ ላይ ሳላችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ መልሱንም ራሳቸው ያስቡበት።

5. የድሮውን ቤት ስታዩ

እኔ ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ይሄ ይመስለኛል። ዛሬ እዚያ ሌላ ቤተሰብ ይኖራል። ዝም ብላችሁ በር አታንኳኩ። አንድ የድሮ ጎረቤት ቀድሞ ያናግርላችሁ። የምትጠይቁት በሩ ጋ ቆማችሁ ለማየት ብቻ ይሁን። ግቡ ካሏችሁ አንድ ሁለት ሰው ይግባ እንጂ ቤተሰቡ በሙሉ አይግተልተል። ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ። ዛፉ ተቆርጦ፣ ግድግዳው ቀለም ተቀይሮ ታገኙት ይሆናል፤ እዚያው ቆማችሁ አትዘኑ። የሰዎቹ ቤት ነው። አሥር ደቂቃ ይበቃል። አመስግናችሁ ውጡ።

በልጅነቱ እዚያ የኖረ ልጅ ሁሉም ነገር ትንሽ ሆኖበት ይደነግጣል። ሰፊ ብሎ የሚያስታውሰው ግቢ በጥቂት እርምጃ ያልቃል፤ የማይደረስበት የመስኮት ደፍ አሁን ወገቡ ጋ ነው። "እኔ ነኝ ያደግኩት ወይስ ቀይረውታል?" ቢል አትሳቁበት። የድሮ ትምህርት ቤቱ ከተፈቀደ ወደ ውስጥ ይግባ። ሽታ የሚቀሰቅሰው ትዝታ ባብዛኛው ከ10 ዓመት ዕድሜ በፊት ያለውን ነው። ከደጅ ቆሞ ምንም ያልመጣለት ልጅ ኮሪደሩ ውስጥ ሲገባ የመምህሩን ስም ሊጠራ ይችላል። ያኔ አታቋርጡት፣ ያውራ።

በዚያ ቀን ሌላ ፕሮግራም አትያዙ።

6. ከተመለሳችሁ በኋላ

ልጆቹ ለጥቂት ሳምንታት ቢበሳጩ ወይም ዝም ቢሉ ጊዜ ስጧቸው። የተገናኙት ጓደኛ ካለ ስልክ የሚደዋወሉበትን ቀን አብራችሁ ቁረጡ፤ ለልጆቹ ብቻ ከተተወ ይረሳል።

የወባ ክኒኑን እስከ መጨረሻው ጨርሱ። ወባ ከንክሻው በኋላ ከሳምንት ገደማ ጀምሮ ይታያል፤ ከወራት በኋላ የሚነሳም አለ። በዓመት ውስጥ ከእናንተ አንዱን ትኩሳት ከያዘው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትጠብቁ። በዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት ውሰዱትና የት አገር እንደነበራችሁ፣ መቼ እንደተመለሳችሁ ሳትጠየቁ ንገሩ።