የፀሐይ ነጠብጣቦቼ ለምን ወደ ኋላ ሄዱ?

ሳምንት ሙሉ በቴሌስኮፕ እያየሁ የሳልኳቸው የፀሐይ ነጠብጣቦች (ፀሐይ ላይ የሚታዩ ጥቁር ነጥቦች) ፀሐይን ከሚከታተለው ከናሳው ኤስዲኦ ሳተላይት ምስል ጋር አልገጥም አሉኝ። በሳተላይቱ ምስል ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ። እኔ ወረቀት ላይ ግን ከቀኝ ወደ ግራ! አንድ ቀን ፀሐይ ላይ የኤም ደረጃ (መካከለኛ ኃይል ያለው) ፍንዳታ ተመዘገበ። ከየትኛው ነጠብጣብ እንደተነሳ በስዕሌ ላይ መለየት አቃተኝ። በጣም ቆጨኝ።

መጀመሪያ ወረቀቱን አዞርኩት። አልሰራም። ለካ የሚያስፈልገው ማዞር ሳይሆን መገልበጥ ነው። ቴሌስኮፔ ላይ ያለው ዲያጎናል (ከዓይን ሌንሱ በፊት የሚገጠም መስታወት ያለው ክፍል) ብርሃኑን በአንድ መስታወት ስለሚያጥፈው ግራና ቀኝን ያቀያይራል። ስዕሉን ስካን አድርጌ ግራ ቀኙን ስገለብጠው የነጠብጣቦቹ ጉዞ ተስተካከለ።

ግን አሁንም ያዘነበሉ ነበሩ። የጠዋቱና የከሰዓቱ ስዕል እንኳ አይመሳሰልም። ተራ ትራይፖድ ስለምጠቀም፣ ቀኑ በገፋ ቁጥር የፀሐይ ምስል በእይታዬ ውስጥ ይዞራል። መፍትሄው ቀላል ሆነ። ቴሌስኮፑን ሳልነካ ፀሐይ በራሷ እንድትንሸራተት እተዋታለሁ። አንድ ነጠብጣብ የሚሄድበትን መስመር እስላለሁ፤ መስመሩ ምሥራቅና ምዕራብን ያሳየኛል። ቀድሞ ከእይታ የሚወጣው ጠርዝ ምዕራብ ነው። ከዚያ የፀሐይ ዋልታ ያዘነበለበትን ማዕዘን አርማለሁ፤ እንደ ወቅቱ እስከ 26 ዲግሪ ይደርሳል።

(የፀሐይ ብርሃን ማጣሪያው ሁሌም ከቴሌስኮፑ ፊት ይታሰር። የዓይን ሌንሱ ላይ የሚገጠመውን ሙቀት ሊሰነጥቀው ይችላል፤ አደራ!)

ትናንት በምሥራቅ ጠርዝ አዲስ የነጠብጣቦች ቡድን ብቅ አለ። ስዕሌን ከሳተላይቱ ምስል ጎን አስቀመጥኩት። ልክ ነው! ወደ ምዕራብ ጠርዝ እስኪደርስ 13 ቀን ገደማ እከተለዋለሁ።