ካኖን 200ዲ የመጀመሪያ ካሜራ ይሁን? ብር ከመክፈል በፊት እንዴት እንደሚወሰን

«200ዲ አገኘሁ፤ ንጹህ ነው ይሉኛል። ልግዛው?» ካሜራ ይችላል የተባለ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ መልእክት በቴሌግራም ይደርሰዋል። ከጥያቄው ጋር ፎቶ ይመጣል። ካሜራው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ሌንሱ፣ ቻርጀሩ፣ ማንጠልጠያው። ፎቶው ያምራል፤ እሱን አይቶ «ግዛ» ወይም «ተወው» ማለት ግን አይቻልም። የመልሱ ግማሽ ያለው ጠያቂው ጋ ነው። የቀረው ካሜራው እጅ ሲገባ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይታያል።

200ዲ የወጣው በ2017 ነው። ዛሬ ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ያገለገለው ነው። ከነባትሪው 453 ግራም ብቻ ይመዝናል፤ ስክሪኑ ተገልብጦ ወደ ራስ ይዞራል። ጀማሪ ዓይኑ ቢያርፍበት አይገርምም። ሌላ ሞዴል እያያችሁ ከሆነም አካሄዱ ያው ነው።

1. መጀመሪያ ስልካችሁን ክፈቱ

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ ያሉትን ፎቶዎች ወደ ኋላ እያያችሁ ያበሳጯችሁን ብቻ ለዩ። ለምን አበሳጯችሁ?

ልጃችሁ ማታ ሳሎን ውስጥ ሲሮጥ ደብዝዞ ከወጣ ካሜራ ይረዳችኋል፤ ግን ብርሃን በደንብ የሚያስገባ ሌንስ ካለው ነው። የሰው ፊት ጥርት ብሎ ከኋላው ያለው እንዲደበዝዝ ከፈለጋችሁም ይረዳችኋል። አሳትማችሁ ግድግዳ ላይ ለመስቀል ካሰባችሁ፣ 24 ሜጋፒክስሉ በጥሩ ጥራት 50 በ33 ሴንቲሜትር ያህል ያወጣላችኋል። ለሳሎን ይበቃል።

ያበሳጫችሁ ርቀት ከሆነ ግን ቆም በሉ። ለጥምቀት ጃንሜዳ ከሕዝቡ ኋላ ቆሞ ካህናቱን ማንሳት ያማረው ሰው፣ ከ200ዲ ጋር በሚመጣው 18-55 ሚሊሜትር ሌንስ አይደርስባቸውም፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ነው ሌንሱ ሩቁን የሚያቀርበው። ለዚያ 55-250 የሚባለው ሌንስ ለብቻው ይገዛል። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ካሜራውን ይዞ ከወጣ በኋላ ነው።

ቅሬታችሁ «ፎቶዎቼ ፖስት ሳደርጋቸው አያምሩም» ከሆነ ደግሞ ለጊዜው ብራችሁን ያዙ። የዛሬ ስልክ አንዴ ስትነኩት ብዙ ፎቶ አንስቶ፣ አዋህዶ፣ ጥላውን አብርቶና ሰማዩን አድምቆ ነው የሚሰጣችሁ። 200ዲ እንዲህ አይኳኩልም። በመጀመሪያው ሳምንት «ስልኬ ይሻላል» የሚል ሰው ሞልቷል። ኤዲት ማድረግ እስኪለምድ ድረስ እውነቱን ነው።

2. የሚቀጥለውን ስድስት ወር በአንድ መስመር ጻፉ

«ቤተሰቤን አነሳበታለሁ።» «ዩቲዩብ እሠራበታለሁ።» «ሰርግ እይዝበታለሁ።» ሦስቱንም ከጻፋችሁ ሁለቱን ሰርዙ። ካሜራው ለሦስቱም እኩል አይሆንም።

ለቤተሰብና ፎቶ ለመማር፦ አዎ። ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም።

ለቪዲዮ፦ እንደ ሥራችሁ ነው። ስክሪኑን እያያችሁ ስትቀርጹ ኦቶፎከሱ ፊትን ይከተላል፤ ለውጭ ማይክ መሰኪያ አለው። ብቻውን ካሜራ ፊት ቆሞ ለሚያወራ ሰው እነዚህ ሁለቱ ብቻ ትልቅ ነገር ናቸው። 4ኬ ግን የለውም፤ የመጨረሻው 1080 በሰከንድ 60 ፍሬም ነው። የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያም የለውም፤ ስለዚህ ድምፁ መበላሸቱን የምታውቁት እንግዳችሁን ሸኝታችሁ ስትመለሱ ነው። አንድ ቅጂ ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ሲል ራሱ ይቆማል። ስብከት ወይም ሙሉ የምረቃ ፕሮግራም የምትቀርጹ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

ለሰርግ፦ እኔ አልመክርም። የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያው አንድ ነው። ካርዱ ቢበላሽ ሙሽሮቹን ድጋሚ ማጋባት አይቻልም። በቪዩፋይንደር (ዓይን አስጠግቶ በሚታይበት መስኮት) ስታነሱ ያሉት የፎከስ ነጥቦች 9 ብቻ ናቸው፤ ጨለም ባለ አዳራሽ የሚታመነው ደግሞ የመሃሉ ነው። የካኖኑ 80ዲ በ2016 ቢወጣም 45 ነጥብ፣ ትልቅ ባትሪና የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ አለው። ካርዱ ግን እሱም አንድ ነው። ሁለት ካርድ የግድ የሚለው ሰው ያገለገለ 5ዲ ማርክ 3 ይጠይቅ፤ ክብደቱንም ይቻለው።

3. ብሩን ቦዲው ላይ አትጨርሱት

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቦዲው፣ ማለትም ሌንስ ስለሌለው ካሜራው፣ ነው። ማታ ቤት ውስጥ ፎቶውን የሚያወጣው ግን ሌንሱ ነው።

18-55ቱ ሌንስ ወደ 55 ሲሳብ ኤፍ 5.6 ላይ ይቆማል፤ የኤፍ ቁጥር ባነሰ መጠን ሌንሱ ብዙ ብርሃን ያስገባል። 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 የሚባለው ትንሹ ሌንስ በአንጻሩ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። አንድ አምፖል በበራበት ሳሎን ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በመጀመሪያው ሌንስ ካሜራው ወይ ሹተሩን (ብርሃን ለማስገባት የሚከፈተውን መጋረጃ) ያዘገይና ልጁ ይደበዝዛል፣ ወይ አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት) ይሰቅለውና ፎቶው አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። በሁለተኛው ሁለቱም ይቀራሉ። ዋጋውም ከካኖን ሌንሶች ሁሉ ዝቅተኛ ከሚባሉት ነው።

ችግር አለው ግን። የ200ዲ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ትንሽ ስለሆነ 50ው እንደ 80 ሚሊሜትር አጥብቦ ያሳያል። ጠበብ ባለ ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ ለማንሳት ሞክሩ። ጀርባችሁ ግድግዳ ነክቶም ጀበናው ሲገባ ረከቦቱ ይቆረጣል፤ ረከቦቱ ሲገባ የምትቀዳው እትዬ ፊቷ ይቀራል። ለዚህ 24 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 የምትባለው ስስ ሌንስ ትሻላለች፤ እሷ እንደ 38 ነው የምታሳየው። እኔ ብሆን በብዛት የማነሳው የሰው ፊት ከሆነ 50ውን፣ ቤትና መንገድ ከሆነ 24ቱን አስቀድማለሁ። ቦዲውን ለብቻው የሚሸጥ ከተገኘ ከ24ቱ ጋር ብቻ መጀመርም ይቻላል። 18-55ቱ አይናፍቃችሁም።

ባትሪም አለ። በቪዩፋይንደር ካነሳችሁ አንድ ቻርጅ 650 ፎቶ ገደማ ይሄዳል። ስክሪኑን እያያችሁ ካነሳችሁ ወደ 260 ይወርዳል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ሁለተኛ ባትሪ ቅንጦት አይደለም። ባትሪው ኤልፒ-ኢ17 ይባላል፤ ኮፒውን ብትገዙ ብዙ ጊዜ በኦሪጅናሉ ቻርጀር ቻርጅ አያደርግም። ኦሪጅናል ሚሞሪ ካርድም ጨምሩበት። ቦዲውና አብሮት ያለው ሌንስ ከያዛችሁት ብር 70 በመቶውን ካለፉ ወይ ዋጋ አስቀንሱ፣ ወይ ወደ ቀለለው ሞዴል ውረዱ።

4. ጎረቤቶቹን በጨረፍታ እዩ

ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ብቻ 2000ዲ የሚበልጥ የሚመስለው ሰው አለ። አይበልጥም። ስክሪኑ አይዞርም፣ በንክኪ አይሠራም፣ የማይክ መሰኪያ የለውም። ፍላሽ የሚሰካበት ቦታ ላይ የመሃሏ ነጥብ ስለሌለች ርካሹ ፍላሽና ትሪገር (ፍላሽን ከርቀት የሚያስተኩሰው) አይተኩስበትም። 4000ዲ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል፤ ሌንስ የሚገጠምበት ቀለበት ሳይቀር ፕላስቲክ ነው።

250ዲ የ200ዲ ታናሽ ነው፣ በ2019 ወጣ። ባትሪው 1070 ፎቶ ገደማ ይሄዳል፤ 4ኬም አለው። ግን በ4ኬ ሲቀርጽ ምስሉን በጣም ያጠበዋል፣ ፎከሱም ይደክማል። የፍላሹ የመሃል ነጥብ እሱም ላይ የለችም። በርካሽ ፍላሽ ለመማር የሚያስብ ሰው 200ዲን ቢመርጥ አልቀረበትም።

«ዲኤስኤልአር ሞቷል፣ ሚረርለስ ግዛ» የሚላችሁ አይጠፋም። 200ዲ ውስጡ መስታወት ያለው ዲኤስኤልአር ነው፤ ሚረርለስ ደግሞ መስታወት የሌለው አዲሱ ዓይነት ነው። ካኖን ከ2018 ጀምሮ ፊቱን አር ወደሚባሉት ሚረርለስ ካሜራዎቹ ማዞሩ እውነት ነው። ያገለገሉት የኢኤፍ (የካኖን ዲኤስኤልአር) ሌንሶች ግን ገበያው ውስጥ ሞልተዋል፤ ነገ አር ብትገዙም በአዳፕተር ይሠራሉ። አቅሙ ካለ አር 50 ይሻላል፤ ለዚያ ሲባል ግን ሁለት ዓመት ካሜራ ሳይዙ መጠበቅ አያስፈልግም።

5. ስሙን እወቁ

ይህ ካሜራ አሜሪካ ውስጥ ሬብል ኤስኤል2፣ ጃፓን ውስጥ ኪስ ኤክስ9 ይባላል። ሦስቱም አንድ ናቸው። ዋሽንግተን ላለች እህታችሁ «200ዲ ፈልጊልኝ» ካላችኋት ላታገኘው ትችላለች፤ «ሬብል ኤስኤል2» በሏት። የአሜሪካው ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል እዚህ ትራንስፎርመር አይፈልግም፤ የሶኬት መቀየሪያ ይበቃዋል። የጃፓኑን ስትገዙ ሜኑው ወደ እንግሊዝኛ መዞሩን እዩ። ኪስ ኤክስ9አይ የሚል ካያችሁ ግን እሱ ሌላ ነው፤ 800ዲ የሚባለው።

6. እጃችሁ ሲገባ

የራሳችሁን ሚሞሪ ካርድና የስልካችሁን ባትሪ መብራት ይዛችሁ ሂዱ። ከተቻለ በቀን።

ሻጩ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ቤት ውስጥ ብቻ የተያዘ ነው» ይላችኋል። መኪና ሻጭ «የሴት መኪና ናት» እንደሚለው ማለት ነው። ፈገግ በሉና ሥራችሁን ቀጥሉ። የፋይሉን ቁጥር አሳይቶ «ይኸው ሁለት ሺህ ብቻ ነው ያነሳው» ካለም አትመኑ፤ ቁጥሩ 9999 ሲደርስ እንደገና ከ0001 ይጀምራል። ትክክለኛውን የሹተር ቁጥር (በጠቅላላ ስንት ጊዜ እንዳነሳ) ካሜራውን ከኮምፒውተር አገናኝተው የሚያነቡ ፕሮግራሞች አሉ። በዚህ ደረጃ ላሉ ካሜራዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ዕድሜ 100,000 ገደማ ነው። 80,000 ካለፈ ዋጋው በደንብ ካልወረደ ተዉት።

ከዚያ ነጭ ግድግዳ ፈልጉ። ሌንሱን ኤፍ 22 ላይ አድርጋችሁ አንሱና ፎቶውን አጉሉት። ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሴንሰሩ ላይ ያረፈ አቧራ ነው፤ በአየር መንፊያ ይለቃል፣ አትደንግጡ። ቀጭን መስመር ሆኖ ካጸዱትም በኋላ የማይጠፋ ከሆነ ግን ጭረት ነው፤ ካሜራውን መልሱ። እዚያው ግድግዳ ላይ ሹተሩን 1/4000 አድርጋችሁ ደጋግማችሁ አንሱ። ከላይ ወይም ከታች የጠቆረ ሰፊ መስመር ከመጣ ሹተሩ ደክሟል።

ሌንሱን ፍቱና ከኋላው በስልክ መብራት አብሩበት። ከፊት ስታዩ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። እርጥበት ካለበት አገር በመጡ ሌንሶች ላይ ይህ ያጋጥማል፤ ሻጩ «ይጠረጋል» ቢልም ውስጥ ያለው በጨርቅ አይደረስበትም። መልሳችሁ ስትገጥሙት «ኢረር 01» ካለ የሌንሱና የካሜራው መገናኛ የብረት ነጥቦች በደንብ አልተገናኙም። ጠርጋችሁ ሞክሩ፤ ከተደጋገመ ተዉት።

ለፎከስ ጋዜጣ ይበቃል። ጠረጴዛ ላይ ዘርጉትና ከጎን አጋድላችሁ መሃል ያለች አንዲት ቃል ላይ ፎከስ አድርጉ። በቪዩፋይንደርም በስክሪንም አንሱ። የጠራችው ያቺ ቃል ናት ወይስ ከሷ በላይ ያለው መስመር? በስክሪን ልክ ሆኖ በቪዩፋይንደር የሚስት ከሆነ፣ ይህ ሞዴል በሜኑ የሚስተካከልበት መንገድ የለውም።

የቀረው ቶሎ ያልቃል። ስክሪኑን ዙሪያውን አዙሩት፤ የተጎዳ ኬብል ካለ ብልጭ ድርግም ይላል። አራቱንም ጥግ በጣታችሁ ንኩ። ማይክ ሰክታችሁ ትንሽ ቅረጹ። ፍላሹን አንሱና ተኩሱ። የባትሪውን ቤት ክፈቱ፤ ዝገት ወይም ነጭ ዱቄት ካለ ውኃ አይቶት ይሆናል።

7. ስትከፍሉ

ቦዲው ሥር ያለው ሲሪያል ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰል። ካርቶን ከሌለ የሻጩን ስም፣ ስልክና ሲሪያል ቁጥሩን የያዘ ወረቀት አስፈርሙ። ስንት ቀን ልትመልሱት እንደምትችሉ በቃል ሳይሆን እዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ። ወረቀት የማይፈርም ሻጭ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢወርድ፣ ይቅርባችሁ።

የሙከራ ቀናቱ ሳያልፉ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ አታሳድሩት። ባትሪውን ሞልታችሁ እስኪያልቅ አንሱ፤ እስኪቆም ድረስ አንድ ሙሉ ቪዲዮ ቅረጹ፤ ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር አስገብታችሁ አጉልታችሁ እዩት።