የአንጥረኛ ማኅተም ያለበት የድሮ ሳንቲም ስትገዙ እንዳትሸወዱ

የመጀመሪያዋን የገዛሁት ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የሳንቲም ገበያ ላይ ነው። ሁለት ሪያል የምትባል የድሮ የስፔን የብር ሳንቲም ናት። ከማለቋ የተነሳ የንጉሡ አፍንጫ እንኳ አይለይም። መሃሏ ላይ ግን ባለአራት ማዕዘን ማኅተም አለ፤ ውስጡ የአንድ አንጥረኛ ስም። 140 ዶላር ከፍዬ ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ገባሁ። ማታ በአጉሊ መነጽር ሳያት ደስታዬ ጠፋ። በሳንቲሟ ጽሑፍ ሥር የስንት ዘመን እድፍ ተጋግሯል፤ በማኅተሙ ፊደላት ሥር ግን ብሩ ትናንት የተመታ ይመስል ያበራል። ማኅተሙ በቅርብ የተመታ ነው፤ ተሸውጃለሁ።

እንዲህ ያሉ ሳንቲሞች ከየት መጡ? አሜሪካ የራሷን የብር ዶላር መምታት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1794 ነው። የሜክሲኮና የፔሩ የስፔን ብር ግን እስከ 1857 ድረስ ሕጋዊ ገንዘብ ሆኖ ሲሠራ ነበር። ሰው ያጠራቀመውን ሳንቲም አንጥረኛ ዘንድ ይወስዳል፤ አንጥረኛው አቅልጦ ማንኪያ ወይም የሻይ ማንቆርቆሪያ ይሠራለታል። ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ስንቱ ጠገራ ብር ቀልጦ የአንገት መስቀል ሆኗል። አንዳንዱ አንጥረኛ ታዲያ ማንኪያ ላይ የሚመታበትን ማኅተም ሳንቲም ላይም ይመታ ነበር። ለማስታወቂያ ሊሆን ይችላል፤ አዲስ ማኅተም ለመሞከርም ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ የእኔ ስህተት ሳንቲሙን አይቼ ማኅተሙን አለማየቴ ነው። ዋጋውን የሚያወጣው ማኅተሙ ነው። ያለ ማኅተሙ ያቺ ያለቀች ሁለት ሪያል ሠላሳ ዶላር ብታወጣ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እድፉን እዩ። ቀጥሎ ገልብጧት። በመዶሻ የተመታ ነገር ጀርባው ዝም አይልም፤ ከማኅተሙ ትክክል በጀርባ በኩል ጠፍጠፍ ያለ ቦታ ይኖራል። የማኅተሙ ጠርዝ ስለት ስለሆነ ብቻ ግን ሐሰተኛ ነው አትበሉ። ያለቀ ሳንቲም ላይ መትቶ መሳቢያ ውስጥ የከተተው አንጥረኛም ይኖራል።

ሁለተኛው ስህተት ሁለት ፊደል ያየ ሁሉ «አንጥረኛ ነው» ማለቱ ነው። በዚያ ዘመን ሳንቲም ላይ ያልመታ ማን አለ? ጠመንጃ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ጥርስ ነቃዩ ሳይቀሩ መትተዋል። የባልቲሞሩ ሃውክ የሚሸጠውን መድኃኒት ስም በግማሽ ዶላሮች ላይ እየመታ አስተዋውቋል። የአንጥረኛ ማኅተም የራሱ መልክ አለው። ብዙውን ጊዜ ስሙ ወይም የስሙ መነሻ ፊደላት አንድ ላይ ተቀርጸው በአንድ ምት ያርፋሉ፤ ፍሬሙ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ ፊደላቱ ፍሬሙ ውስጥ ከፍ ብለው ይታያሉ። ፊደላቱ ራሳቸው የሰመጡ፣ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ጎን የዘመመ ከሆነ አንድ በአንድ የተመቱ ናቸው። ያንን ማንም መዶሻ ያለው ሰው ያደርገዋል።

እዚህ ላይ የምመክረው አንድ ነገር ነው፤ ማንኪያ ፈልጉ። የዚያው አንጥረኛ ማንኪያ በየአሮጌ ዕቃ ሻጩ ይገኛል፣ ዋጋውም ከሳንቲሙ ይረክሳል። ማኅተሙ እጀታው ጀርባ ላይ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ በአስር እጥፍ አጉሊ መነጽር እዩ። ማኅተም ሲያገለግል ይሸረፋል፤ የአንዷ ፊደል እግር ይጎድላል፣ የፍሬሙ ጥግ ይሰበራል። ያው ጉድለት ማንኪያውም ሳንቲሙም ላይ ካለ እጃችሁን ወደ ኪስ መስደድ ትችላላችሁ።

ትልልቅ ስሞች ደግሞ ሌላ ጣጣ ናቸው። የኒውዮርኩ አንጥረኛ ኤፍሬም ብራሸር የስሙን ሁለት መነሻ ፊደላት በወርቅ ሳንቲሞች ላይ መምታቱ የታወቀ ነው። ራሱ በ1787 ከሠራቸው፣ ደብሎን ከሚባሉት የወርቅ ሳንቲሞች አንዱ በ2021 ጨረታ ላይ ከ9 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። የብራሸርን ወይም የቦስተኑን የፖል ሪቪርን ማኅተም የያዘ ብር በስልሳ ዶላር የሚሸጥላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ሰላም ብላችሁት እለፉ።

ዓመተ ምሕረቱም ያታልላል። ሳንቲሙ ላይ 1781 ስላለ ማኅተሙ የ1781 ነው ማለት አይደለም። ከዚያ በፊት ሊሆን እንደማይችል ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ማርያ ትሬዛን የሚያውቅ ሰው ይህ አይጠፋውም፤ እሷ ስንት ዘመን ሙሉ 1780 እያለች ስትመታ ኖራለች።

የሌላ አገር ማኅተምም አለ። በሞላላ ፍሬም ውስጥ ትንሽ የንጉሥ ፊት ካያችሁ የእንግሊዝ ባንክ በ1797 የመታው የጆርጅ 3ኛ መልክ ሊሆን ይችላል። ትናንሽ የቻይና ፊደላት ከሆኑ ደግሞ የቻይና ነጋዴዎች ብሩን ፈትነው የመቱት ነው። ሁለቱም የራሳቸው ሰብሳቢ አላቸው፤ የአሜሪካ አንጥረኛ ሥራ ግን አይደሉም።

ሚዛን ሳትይዙ አትውጡ። ሁለት ሪያል አዲስ ሳለች 6.77 ግራም ግድም ናት፣ ስምንት ሪያሉ 27። ሙልጭ ብላ ያለቀች ሁለት ሪያል ሙሉ ክብደቷን ከያዘች አንድ ነገር አለ ማለት ነው፤ ያለቀው ብር የት ሄደ? በዚያ ዘመንም ነገሩ ያሳስባቸው ነበር። ለዚህም ነው የስፔን ብር ሕጋዊ ገንዘብ መሆኑን ያስቀረው የ1857ቱ የአሜሪካ ሕግ ሃያ አምስት ሳንቲም ትባል የነበረችውን ሁለት ሪያል መንግሥት በሃያ ሳንቲም እንዲቀበላት ያዘዘው። የእኔዋን መዘንኳት፤ ከስድስት ግራም ትንሽ ትበልጣለች። ሳንቲሟ ጤነኛ ናት፣ ማኅተሙ ነው ውሸቱ።

የመጨረሻው ስህተት ማጽዳት ነው። ጥቁረቱን አይታችሁ በሎሚና በአመድ ወይም በጥርስ ሳሙና እንዳትፈትጓት። ያ ጥቁረት ብሩ ከአየር ጋር ኖሮ ያመጣው ቀለም ነው፤ ከፋቃችሁት ቅድም ያልኩት የእድፍ ምርመራ አብሮ ይሄዳል፣ ገዢም ይሸሻል። ዘይት ወይም የማጣበቂያ ቅሪት ካለባት ንጹሕ አሴቶን ውስጥ ነክሮ ማውጣትና ሳያሹ ማድረቅ ይበቃል።