የከሰል ቆፋሪዎችን ስለ ብልጭታና ጋዝ እንዴት እናስተምር?

በፕሮጀክተር አትጀምሩ። የመጀመሪያ ስልጠናዬን በ60 ስላይድ ጀምሬ ምሳ ሳይደርስ ግማሹ ክፍል አንቀላፍቷል። አሁን የምጀምረው በአንድ ባትሪ፣ በአንድ የድሮ ደወልና ጫፋቸው በተላጠ ሁለት ሽቦዎች ነው። ሽቦዎቹን ሳነካካ ደወሉ ይጮሃል። መብራት አጥፍተን ስንደግመው ጫፉ ላይ ትንሽ ብልጭታ ትታያለች።

ከዚያ በጥቅምት 1913 እ.ኤ.አ. በዌልስ፣ ሴንግሄኒድ ስለደረሰው ፍንዳታ እነግራቸዋለሁ። 439 ቆፋሪዎችና አንድ የነፍስ አድን ሠራተኛ ሞተዋል። ጋዙን የለኮሰው ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት አልታወቀም። ከተጠረጠሩት አንዱ ግን የምልክት ደወል ብልጭታ ነው። ከዚህ በኋላ የሚያንቀላፋ የለም።

ቀጥሎ ሁለት ቁጥር፦ 5 እና 15። ከከሰሉ የሚወጣው ጋዝ፣ ሚቴን፣ ከአየሩ በግምት ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲይዝ ይፈነዳል። «ከ15 ካለፈማ ተረፍን» የሚል አይጠፋም። ንጹህ አየር ሲገባ እኮ ጋዙ ሳስቶ ወደዚያው መጠን ይመለሳል።

ልኬቱ ላይ እኔ ራሴ ተሳስቻለሁ። እንዲገባቸው ብዬ የቡታጋዝ ምሳሌ አነሳሁ፦ «ጋዝ ሲሸታችሁ መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም፤ ማጥፋቱም ብልጭታ ያወጣል።» ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ልምምድ ላይ ግን አንዱ ጎበዝ መለኪያውን ይዞ ተንበረከከና ወለሉን ይለካ ጀመር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቡታጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፣ ሽታም ተጨምሮበታል። ሚቴን ግን ከአየር በግማሽ ገደማ ይቀልላል፤ ጣሪያው ሥር ይከማቻል፤ በራሱም አይሸትም። ምሳሌውን ካነሳችሁ ልዩነቱን እዚያው ተናገሩ።

አሁን ዋናው፣ የማብሪያ ማጥፊያው ሳጥን። ሁሉም ወፍራሙን ብረት ያየና «ጋዝ አያስገባም» ይላል። ያስገባል! ሲቀዘቅዝ አየር ይስባል፤ ጋዙም አብሮ ይገባል። ውስጡ ሊፈነዳም ይችላል። የተሠራው ፍንዳታውን ችሎ ነበልባሉን እንዳያወጣ ነው። ትኩሱ ጋዝ በክዳኑና በሳጥኑ መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት ሲወጣ ብረቱ ያቀዘቅዘዋል። ውጭ ሲደርስ ያለውን ጋዝ ለመለኮስ አቅም አይኖረውም።

ስለዚህ አንድ ብሎን ከጎደለ ወይም ከላላ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ያኔ ሳጥኑ ተራ ቆርቆሮ ነው። «ውሃ እንዳይገባ» ብሎ በራሱ ፈቃድ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ቆርጦ በክዳኑ ሥር የሚያስገባ ብልጣብልጥ አለ። ይህን አቋራጭ አልታገስም፤ ያው ክፍተት ማስፋት ነው። የተጫረ ወይም የዛገ ገጽም እንደዚያው። ክዳኑን እየከፈታችሁ በጣታቸው አስዳስሷቸው፤ ስዕል አይበቃም።

ሲጋራ፣ ላይተርና ስልክ ውጭ ይቀራሉ። ይህን ማብራራት አያስፈልግም።

ስንት ላይ ሥራ እንደሚቆም የአገራችሁን ደንብ አስተምሩ። በአሜሪካ የመሬት ውስጥ ከሰል ማውጫዎች፣ ሥራ በሚሠራበት ቦታ ሚቴን 1 በመቶ ሲደርስ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ኃይል ይቋረጣል፤ 1.5 በመቶ ላይ ሰው ይወጣል። ከ5 ብዙ ይርቃል የሚል ይኖራል። ጋዙ ግን እኩል አይሰራጭም፤ እዚህ 1 ሆኖ ጥጉ ላይ 6 ሊሆን ይችላል።

ለፈተና ከልምምዱ ሳጥን አንድ ብሎን ነቅዬ ኪሴ ውስጥ እከታለሁ። ሳጥኑ ከመስመር አለመገናኘቱን አስቀድሜ ራሴ አረጋግጣለሁ። ከዚያ «ሳጥኑ ደህና ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብሎኗን ፈልጎ ያልጠየቀኝ አላለፈም።