ቪዲዮና ድምፅ ስንቀይር ጥራት የሚያሳጡን ስህተቶች

የተላከልን ቪዲዮ ቴሌቪዥን ላይ አልከፈትም ይላል። ወይም የድምፅ ቅጂው በኢሜይል ለመላክ ይከብዳል። ያኔ ብዙ ሰው የሚያደርገው ያው ነው፦ መጀመሪያ ያገኘውን ኮንቨርተር (ፋይል የሚቀይር ፕሮግራም) ያወርዳል፣ ፋይሉን ጎትቶ ያስገባል፣ «ጀምር» ይላል። ፋይሉ ይቀየራል። ጉዱ የሚታወቀው በኋላ ነው። ምስሉ ደብዝዟል፣ ድምፁ ከከንፈር ጋር አልገጥም ብሏል፣ መጠኑ ደግሞ ጭራሽ ጨምሯል።

ሶፍትዌሮቹ በአብዛኛው ጥፋት የለባቸውም። ቪዲዮ የሚቀይረው ሃንድብሬክ፣ ድምፅ የሚያስተካክለው ኦዳሲቲ፣ ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርገው ሾትካት፣ ሁለቱንም የሚቀይረው ኤፍኤፍምፔግ ሁሉም ነፃ ናቸው፤ ሥራቸውንም ያውቃሉ። ግን የታዘዙትን ሳይጠይቁ ይሠራሉ። በተለመዱት ዘዴዎች ምስልና ድምፅ እንደገና በታመቀ ቁጥር የሆነ ነገር ይቀነሳል፣ የተቀነሰውም አይመለስም። ከታች ካሉት ስህተቶች ብዙዎቹ ይህን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

## ሳያስፈልግ መቀየር

በእኔ እይታ አንደኛው ስህተት ይኼ ነው። ኤምፒ4፣ ኤምኬቪ፣ ኤቪአይ የምንላቸው ሳጥኖች ናቸው። ምስሉ፣ ድምፁና ካለም የትርጉም ጽሑፉ (ሰብታይትሉ) ሳጥኑ ውስጥ ለየብቻቸው ተቀምጠዋል። ምስሉ የታመቀበት ዘዴ ኮዴክ ይባላል፤ ኤች.264፣ ኤች.265 እና ኤቪ1 የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ድምፁም የራሱ አለው፦ ኤኤሲ፣ ኤምፒ3፣ ኦፐስ። ሁለት ኤምፒ4 ፋይሎች ኖሯችሁ አንዱ ቴሌቪዥኑ ላይ ሲጫወት ሌላው እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። ሳጥናቸው አንድ ነው፣ ውስጣቸው ይለያያል።

ስለዚህ ከመነካካታችሁ በፊት ውስጡን እዩ። ፋይሉን ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ክፈቱና ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮልን ከጄ ጋር ተጫኑ። የምስሉ ኮዴክ፣ የድምፁ ኮዴክ፣ ወርዱና ቁመቱ፣ በሰከንድ ስንት ፍሬም (ነጠላ ምስል) እንዳለው አንድ መስኮት ላይ ተዘርዝሮ ይመጣላችኋል። ሚዲያኢንፎ የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ደግሞ ከዚህም በላይ ይዘረዝራል።

እንበልና ፋይሉ ኤምኬቪ ነው፣ ውስጡ ያለው ግን ኤች.264 እና ኤኤሲ ነው። ቴሌቪዥኑ ደግሞ የሚቀበለው ኤምፒ4 ብቻ ነው። እዚህ ጋ ምስሉን እንደገና ማመቅ በከንቱ መድከም ነው። ሳጥኑን መቀየር ይበቃል። ሎስለስካት የሚባለው ፕሮግራም ይህን ያደርጋል። አቪዴሙክስ የሚባለው ሌላ ፕሮግራም ላይም የቪዲዮውንና የድምፁን ምርጫ «ኮፒ» ላይ ትታችሁ የመውጫውን ፎርማት ኤምፒ4 ማድረግ ነው። ፕሮሰሰሩ ብዙ ስለማይደክም ፋይል ኮፒ እንደማድረግ ያህል ጊዜ ይወስዳል፣ ጥራቱም ቅንጣት አይነካም።

ሃንድብሬክ ግን ይህን አይሠራም። ምስሉን ሁልጊዜ እንደ አዲስ ያምቀዋል፤ እንዳለ ማሳለፍ የሚችለው ድምፁን ነው። ለሁሉም ነገር ሃንድብሬክን የሚከፍት ሰው ይህን ቢያውቅ ብዙ ሰዓት ያተርፋል።

የፋይሉን ስም መጨረሻ ከኤምኬቪ ወደ ኤምፒ4 በእጅ ማረምስ? እሱ ስም መቀየር ብቻ ነው። ውስጡ አልተነካም።

## የሌለ ጥራት መፈለግ

በሰከንድ በ128 ኪሎቢት የተቀመጠ ኤምፒ3 አለን። «ጥራቱን ላሳድገው» ብለን በ320 እናወጣዋለን። ድሮ በደቂቃ 1 ሜጋባይት ገደማ ይይዝ የነበረው አሁን 2.4 ሜጋባይት ሆነ። ቦታው ከእጥፍ በላይ ጨመረ፣ ድምፁ ያው። እንዲያውም በትንሹም ቢሆን ይብሳል። ኤምፒ3 ፋይሉን የሚያሳንሰው ጆሯችን አይለየውም ብሎ የገመተውን ድምፅ እየጣለ ነው። አንዴ የጣለውን ቁጥር በማሳደግ አታመጡትም። ምንም ወደማይጥለው ወደ ዋቭ ብትቀይሩትም በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ የሚበላ ያው ድምፅ ነው። የ480ፒ ቪዲዮን በኮንቨርተር ወደ 1080ፒ ማሳደግም ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ማጫወቻው ስክሪኑን ለመሙላት ራሱ ይዘረጋዋል፤ እናንተ ለዚያ ቦታ መክፈል የለባችሁም።

የዚሁ ስህተት ሌላ መልኩ መደጋገም ነው። ዛሬ ቅጂውን ቆርጠን በኤምፒ3 እናወጣለን። ነገ ያንኑ ኤምፒ3 ከፍተን ድምፁን ከፍ አድርገን እንደገና በኤምፒ3። ከነገ ወዲያ መግቢያ ሙዚቃ ጨምረን አሁንም በኤምፒ3። ሦስተኛው ላይ «ሰ» እና «ሸ» ያለባቸው ቃላት መሻከር ሊጀምሩ ይችላሉ። ሥራው እስኪያልቅ በዋቭ ወይም እንደ እሱ ምንም በማይጥለው በፍላክ ያዙት፤ ኤምፒ3ው የመጨረሻው እርምጃ ይሁን። የጄፔግ ፎቶም እንደዚሁ ነው፤ ተስተካክሎ ሴቭ በተደረገ ቁጥር ይሸረሸራል።

## የሃንድብሬክን ቁጥር በግልባጩ ማንበብ

ሃንድብሬክ ላይ «ቪዲዮ» የሚለውን ክፍል ስትከፍቱ አርኤፍ የሚባል ተንሸራታች አለ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጥራቱ ይጨምራል፣ ፋይሉም ይገዝፋል። ብዙ ሰው ተቃራኒው ይመስለዋል። አንዳንዱ ደግሞ «ጥሩ ይሁንልኝ» ብሎ ወደ 0 ይጎትተውና ከዋናው እጅግ የሚበልጥ ፋይል ይወጣለታል። አዘጋጆቹ ራሳቸው ለ720ፒ ከ19 እስከ 23፣ ለ1080ፒ ከ20 እስከ 24፣ ለ4ኬ ከ22 እስከ 28 ይመክራሉ። ከመሃሉ ጀምሩ።

ቢትሬትን (በሰከንድ የሚያዘውን የኪሎቢት ብዛት) በእጅ መሙላት የሚያስፈልገው መጠኑ የግድ ሲወሰን ብቻ ነው። ያኔም ሒሳቡ ቀላል ነው። ከ100 ሜጋባይት መብለጥ የሌለበት የ10 ደቂቃ ቪዲዮ ቢኖራችሁ፣ 100ን በ8 አባዝታችሁ ለ600 ሰከንድ ስታካፍሉት በሰከንድ 1,333 ኪሎቢት ይመጣል። ለድምፁ 128 ቀንሱ። ለምስሉ 1,200 ገደማ ይቀራል። በሁለት ዙር እንዲያምቀው ማዘዝንም አትርሱ፤ የመጀመሪያው ዙር የትኛው ትዕይንት ብዙ እንደሚፈልግ ያጠናል።

የሁለት ሰዓት ቪዲዮ አስገብቶ አድሮ ጠዋት ማየት ደግሞ ሌላ ራስን ማድከም ነው። «ሬንጅ» የሚለውን በሰከንድ አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ ብቻ አውጡ። ጨለም ያለ ወይም ብዙ እንቅስቃሴ ያለበት ቦታ ምረጡ፤ ጉድለት ቀድሞ የሚታየው እዚያ ነው። በግራፊክስ ካርድ ማመቅ በጣም ይፈጥናል፣ ግን በተመሳሳይ መጠን ጥራቱ በአብዛኛው ያንሳል። ለችኮላ ይሁን፤ ለዓመታት ለምታስቀምጡት ቪዲዮ የፕሮሰሰሩን ትዕግሥት እመርጣለሁ።

## የስልክ ቪዲዮን በቀጥታ ኤዲት ማድረግ

ብዙ ስልኮች የሚቀርጹት በተለዋዋጭ ፍሬም ነው። በሰከንድ 30 ይላል፣ ብርሃን ሲያንስ ግን ሊወርድ ይችላል። ማጫወቻዎች ይህን ይረዳሉ። አንዳንድ ኤዲተሮች ግን ሁሉም ፍሬም እኩል ጊዜ አለው ብለው ስለሚያስቡ ድምፁ ቀስ በቀስ ይሸሻል። መጀመሪያ ላይ ልክ ነው፤ አሥረኛው ደቂቃ ላይ ከንፈርና ቃል ተለያይተዋል። ድምፁን በእጅ እየጎተቱ ማስተካከል አያዋጣም፣ አንዱ ጋ ሲገጥም ሌላው ጋ ይፈታል።

መፍትሔው ኤዲት ከመጀመሩ በፊት ነው። በሃንድብሬክ «ኮንስታንት ፍሬምሬት» መርጣችሁ፣ አርኤፉንም ከወትሮው ዝቅ አድርጋችሁ አውጡትና ያንን ኤዲት አድርጉ። አዎ፣ አንድ ተጨማሪ ማመቅ ነው። እዚህ ጋ ግን ይገባዋል።

## ያለ ማመቅ ቆርጦ በሰከንድ መጨቃጨቅ

ሎስለስካት ላይ 1፡07 ላይ ቆርጣችሁ ፋይሉ ከ1፡02 ቢጀምር ሶፍትዌሩ አልተሳሳተም። የታመቀ ቪዲዮ ውስጥ ሙሉ ምስል የሚይዘው አልፎ አልፎ የሚመጣ ቁልፍ ፍሬም ብቻ ነው፤ የቀሩት ከጎረቤታቸው ምን እንደተለወጠ ብቻ ይናገራሉ። እንደገና ሳያምቁ መቁረጥ የሚቻለው ቁልፍ ፍሬም ላይ ነው። ኤች.264ን የሚያምቀው ኤክስ264 የሚባለው ፕሮግራም ቅንብሩ ሳይነካ ከተተወ በሁለት ቁልፍ ፍሬሞች መካከል እስከ 250 ፍሬም ይፈቅዳል፤ በሰከንድ 25 ፍሬም ላለው ቪዲዮ ያ 10 ሰከንድ ነው። ጥቂት ሰከንድ ትርፍ የማያስቸግራችሁ ከሆነ ተዉት። በትክክል እዚያው ነጥብ ላይ መቆረጥ ካለበት ወደ ኤዲተር ሄዳችሁ እንደገና ማመቅ ግድ ነው።

## ፕሮጀክትን እንደ ፋይል መላክ

ኦዳሲቲ ላይ ሴቭ ስታደርጉ የሚቀመጠው ፕሮጀክት ነው። ተቀባዩ በስልኩ አይከፍተውም። የሚላከው ኤክስፖርት የተደረገው ነው። የቪዲዮ ኤዲተሮች ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ የፕሮጀክቱ ፋይል ብዙውን ጊዜ ቪዲዮዎቹን አይዝም፣ የት ፎልደር እንዳሉ ብቻ ያስታውሳል። ዴስክቶፑን ላጽዳ ብላችሁ ካንቀሳቀሳችኋቸው በማግስቱ ፕሮጀክቱ ባዶ ይመጣል። ከመጀመሪያው አንድ ፎልደር ክፈቱና ሁሉንም እዚያ አድርጉ።

## ድምፁን እስኪሰነጠቅ ማጮህ

ቀስ ብሎ የተቀረጸ ድምፅ ከፍ ሲደረግ 0 ዴሲቤል ጣሪያ ነው። ከዚያ ያለፈው የሞገዱ ጫፍ ይቆረጥና ሲሰማ ይሰነጠቃል። ኦዳሲቲ «አምፕሊፋይ» ላይ መቆረጥን የሚፈቅድ ምልክት ማድረጊያ አለ፤ ባዶውን ተዉት። አንድ ጊዜ በሩ ድርግም ያለበት ወይም ሳል የተሰማበት ቦታ ካለ ያ ጫፍ ሌላውን ሁሉ ዝቅ አድርጎ ያስቀረዋል። እሱን ለብቻው መርጣችሁ ዝቅ አድርጉ፣ ከዚያ ሙሉውን ከፍ አድርጉ። የጀርባ ጫጫታ ማጥፊያውንም አትመኑት። በደንብ ከተጫናችሁት ሰውዬው ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። ትንሽ ጫጫታ ይቅር፣ ጆሮ ይለምደዋል።

## የአማርኛ ትርጉም ጽሑፍ ማበላሸት

የትርጉም ጽሑፉን ኖትፓድ ላይ ስታስቀምጡ ኢንኮዲንግ የሚለው «አንሲ» ላይ ከሆነ ፊደሉ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ያ ጽሑፍ ጠፍቷል፤ ምንም አያድነውም። ሁልጊዜ ዩቲኤፍ-8 ምረጡ።

አራት ማዕዘን ብቻ ከታየ ግን ተረጋጉ። ጽሑፉ አለ፣ ማጫወቻው የመረጠው ፎንት ነው የግዕዝ ፊደል የሌለው። ቪኤልሲ ላይ የሰብታይትሉን ፎንት ኢብሪማ ብታደርጉት ይስተካከላል፤ ዊንዶውስ 10 ላይ አለ። ቴሌቪዥኑ ከሆነ ያስቸገረው፣ ጽሑፉን ምስሉ ላይ አቃጥሎ ማተም ይቻላል። ግን አንዴ ከታተመ አይነሳም፤ ጽሑፍ የሌለበትን ቅጂ ለብቻው አስቀምጡ።

## ከየትም ማውረድ

ፍለጋ ላይ ቀድሞ የሚመጣው የማውረጃ ገጽ ብዙ ጊዜ የሶፍትዌሩ ባለቤት አይደለም። ነፃውን ፕሮግራም ከማስታወቂያ ጭነት ጋር ጠቅልሎ የሚሰጥ ነው። ከባለቤቱ ገጽ ማውረድም ቢሆን መቶ በመቶ ዋስትና የለውም። በግንቦት 2017 (እንደ አውሮፓውያን) ከሃንድብሬክ ማውረጃ ሰርቨሮች አንዱ ተሰብሮ የማክ ተጠቃሚዎች ለተወሰኑ ቀናት ፕሮቶን የሚባል ተንኮል አዘል ፕሮግራም ሲያወርዱ ነበር። የፋይሉን አሻራ (ከይዘቱ ተሰልቶ የሚወጣውን ቼክሰም የሚባል ቁጥር) ገጹ ላይ ከተጻፈው ጋር ያስተያየ ሰው ልዩነቱን ሊያይ ይችል ነበር። ክራክ ስለተደረገ ኤዲተር ብዙ አልልም፤ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃ እትም እያለው ለምን?

## ዋናውን ቶሎ ማጥፋት

ኮንቨርተሩ «ተጠናቋል» ስላለ ፋይሉ ደህና ነው ማለት አይደለም። መጀመሪያውን፣ መሃሉንና የመጨረሻዋን ደቂቃ አጫውቱ። ርዝመቱን ከዋናው ጋር አስተያዩ። አዲሱን ፋይል በሌላ ፎልደር አውጡት፤ በዚያው ስም በላዩ ላይ መጻፍን አትልመዱ።

ወደ ፍላሽ በቀጥታ ስታወጡ ደግሞ 4 ጊጋባይት ላይ ሲደርስ የሚቆም ከሆነ ፍላሹ በፋት32 የተዘጋጀ ነው፤ ከዚያ በላይ አንድ ፋይል አይቀበልም። ወደ ኤክስፋት መቀየር ይቻላል። ቴሌቪዥኑ ኤክስፋት እንደሚያነብ ግን መጀመሪያ አረጋግጡ፣ ፍላሹ ላይ ያለውንም ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጉ፤ ፎርማቱ ሁሉንም ይጠርገዋል።