በአሜሪካ በትራንስፖርት ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ምን ያስፈልጋል?

አሜሪካ ገብተው በትራንስፖርት ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ያሰቡ ወገኖች ከሁሉ አስቀድመው የትምህርት ማስረጃቸውን ሊያዘጋጁ ይገባል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ኦፊሻል ትራንስክሪፕት (የኮርስና የውጤት ዝርዝር) ከተማሩበት ተቋም ሬጅስትራር በቀጥታ እንዲላክላቸው ስለሚጠይቁ የተማሪ ቅጂ ብቻውን አያስኬድም፤ ይህንንም ከባሕር ማዶ ሆኖ ማስፈጸም ወኪልና ጊዜ ስለሚፈልግ ማመልከቻው ከሚዘጋበት ቀን ወራት ቀድሞ መጀመር ይበጃል።

ትምህርቱ በአብዛኛው የሚሰጠው በሲቪል ምህንድስና ክፍል ሥር በመሆኑ በሲቪል የተመረቀ ሰው በቀጥታ ማመልከት ይችላል፤ ከሌላ ዘርፍ የመጣ ግን ብዙውን ጊዜ ለዲግሪው የማይቆጠሩ የማሟያ ኮርሶች ሊታዘዙበት ይችላሉ። የተለመደው የመግቢያ ነጥብ ከ4.0 ቢያንስ 3.0 የመጀመሪያ ዲግሪ አማካይ ውጤት ሲሆን የቶፍል ወይም የአይኤልትስ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤትም ይጠየቃል። ጂአርኢ የተባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ብዙ ክፍሎች ትተውታል።

በእኔ እምነት ግን ከነጥቡ ባልተናነሰ የሚያሳስበው የስታቲስቲክስና የፕሮግራሚንግ ዝግጅት ነው። የትራፊክ ፍሰትን መተንበይም ሆነ ተጓዡ ከአውቶቡስና ከመኪና የቱን እንደሚመርጥ በሞዴል ማሳየት የቆመው በፕሮባቢሊቲና በሪግሬሽን (አንዱ ነገር ከሌላው ጋር ያለውን ግንኙነት በቁጥር በሚለካ ስሌት) ላይ ነው። በመንገድ ግንባታ ለዓመታት የሠራ መሐንዲስ አስፋልቱንና የኩርባውን ዲዛይን ጠንቅቆ ቢያውቅም በዚህ በኩል ሊቸገር ስለሚችል ትምህርቱ ሳይጀመር ፓይተን ወይም አር የተባሉትን የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ቢለማመድ ይጠቀማል።

ዲግሪው አብዛኛውን ጊዜ 30 ክሬዲት አወር ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪ ከዚህ ውስጥ 6 ያህሉን ለምርምሩ ያውላል፣ ሌላው ሁሉንም በኮርስ ይጨርሳል። ዶክትሬት ወይም የምርምር ረዳትነት ክፍያ የሚፈልግ ሰው የመመረቂያ ጽሑፉን መንገድ ቢመርጥ ይሻለዋል። ረዳትነቱ የሚገኘው በአብዛኛው በፕሮፌሰሩ የምርምር ገንዘብ ስለሆነ ለፕሮፌሰሩ የሚጻፈው ደብዳቤ ወሳኝ ነው። «በማንኛውም ርዕስ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ» የሚል ደብዳቤ እምብዛም መልስ አያገኝም፤ «በአንድ መስቀለኛ መንገድ ተሽከርካሪ ቆጥሬ የትራፊክ መብራቱን የአረንጓዴ ጊዜ አስልቻለሁ፣ የእርስዎም ምርምር በዚሁ ላይ ስለሆነ ልጽፍልዎ ወደድሁ» የሚል ግን ይነበባል።

የመኖሪያ ፈቃድ ዓይነትም ወጪውን ይለውጣል። በዲቪ የመጣ ሰው ቋሚ ነዋሪ ስለሆነ የፌዴራል የትምህርት ብድር መጠየቅ ይችላል፤ በብዙ ግዛቶችም 12 ወር ከኖረ በኋላ ዝቅተኛውን የነዋሪ ክፍያ ለመክፈል ማመልከት ስለሚችል፣ ያን ዓመት ሥራ ይዞ ማሟያ ኮርስ እየወሰደ ቢያሳልፈው ብልህነት ነው። በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ የመጣ ተማሪ ግን ሙሉ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ በሴሚስተር 9 ክሬዲት፣ መመዝገብ አለበት።

የምህንድስና ፈቃድ የሚሹ ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪው ብቻውን እንደማይበቃ ይወቁ፤ በብዙ ግዛቶች ከአገር ቤት የመጣው የመጀመሪያ ዲግሪም ይገመገማል። ስለዚህ ትራንስክሪፕቱ ሲጠየቅ የየኮርሱ ዝርዝር መግለጫም አብሮ ይጠየቅ።