በግ የሚገዛው ከጉረኖው ፊት ነው

አባቴ በመሐል ሜዳ ገበያ አንድ ሙክት ለመግዛት ግማሽ ቀን ይፈጅበት ነበር። ላቱን በመዳፉ ያነሣል፣ ወገቡን ይጨብጣል፣ ዋጋ ይጠራል፣ ሻጩ ይስቅበታል፣ ትቶት ይሄዳል፣ ጠላ ጠጥቶ ይመለሳል። ሻጩም እንደሚመለስ ያውቃልና በጉን ለሌላ አይሰጥበትም። እኔ ፔንሲልቬንያ፣ ላንካስተር ካውንቲ ውስጥ መጀመሪያ በገባሁበት የከብት ሐራጅ ግን አንድ በግ ተሸጦ ያለቀው በሃያ ሰከንድ ገደማ ነው። በሩ ተከፈተ፣ በጉ ገባ፣ አጫራቹ ዳዊት እንደሚደግም ደብተራ ቁጥር አንበለበለ፣ በጉ ወጣ። ማን እንደገዛው እንኳ አላየሁም። በባዶ ተጎታች ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ያ ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ዛሬ አርባ ያህል እናት በጎች አሉኝ፤ ለበዓል የሚታረድ የሚፈልግ የአገሬ ሰውም ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ እየደወለ «ሐራጅ ውሰደን» ይለኛል። ከመውሰዴ በፊት የምነግራቸውን ነው እዚህ የምጽፈው። በእኛ ገበያ ሥራው የሚጀምረው ዋጋ ከተጠራ በኋላ ነው፤ እዚህ ዋጋ ሲጠራ ሥራው አልቋል። ስለዚህ ጨረታው ከጠዋቱ በአራት ሰዓት የሚጀምር ከሆነ እኔ ሁለት ሰዓት ላይ ጉረኖው ፊት ቆሜያለሁ።

ከጉረኖው ፊት ምን ይታያል

በአካባቢያችን ስሙ የሚጠራው የኒው ሆላንድ የከብት ገበያ ነው፤ በግና ፍየል የሚሸጥበት ቀን ሰኞ ነው። እንደ ደረሳችሁ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ግቡ፣ መንጃ ፈቃዳችሁን አሳይታችሁ የተጫራች ቁጥር ተቀበሉ፤ ከዚያ ወደ ጉረኖዎቹ።

የመጀመሪያው ችግራችን ላት ነው። እዚህ አገር ያለው በግ አብዛኛው ላት የለውም፤ የባለ ሱፉ ጅራትም ገና ግልገል ሳለ ይቆረጣል። ላት አይቶ የሚገዛ ሰው መለኪያው ጠፋበት ማለት ነው። በላት ፋንታ የአከርካሪውን ጫፍ በጣታችሁ ዳስሱ። አጥንቱ እንደ መጋዝ ጥርስ ከወጋችሁ ከሲታ ነው፤ ተፈልጎም ካልተገኘ የምትገዙት ስብ ነው። ለእኛ አፍ የሚስማማው ካታዲን የሚባለው ዝርያ ይመስለኛል። ሜን ግዛት ውስጥ የተገኘ ነው፤ ጠጉሩን ራሱ ያራግፋልና መሸለት አያስፈልገውም፣ ሥጋውም ያ የሚከረፋ የባለ ሱፍ በግ ሽታ የለውም። ከፍየል ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ነጭ ሰውነትና ቀይ ራስ ያለው ቦር ሥጋው ብዙ ነው።

ቀጥሎ ሠራተኛውን አስፈቅዳችሁ የዓይኑን የታች ቆብ ዝቅ አድርጉና ውስጡን እዩ። ደማቅ ቀይ ከሆነ መልካም። እንደ ወረቀት ከነጣ ጨጓራው ውስጥ ደም የሚመጥ ትል ተቀምጧል፤ ከመንጋጋው በታች ውሃ የቋጠረ እብጠት ካለ ደግሞ ጉዳዩ ብሶበታል። ለዚህ ምርመራ ፋማቻ የሚባል፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀ የቀለም ካርድ አለ፤ እኔ ኪሴ ውስጥ ይዤ እሄዳለሁ። ከንፈሩ ዙሪያ ቅርፊት ያለበትን በባዶ እጅ አትንኩ፤ ያ በሽታ ወደ ሰው ይተላለፋል። ኋላውን እዩ፣ ፍግ ከተለጠፈበት አስቀምጦታል። ሲራመድ አንካሳ ከሆነ ሰኮናው በስብሶ ይሆናል፤ አሽትቱት፣ አፍንጫችሁ ይነግራችኋል።

እናት በግ ለማርባት የምትገዙ ከሆነ ግን ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይህች በግ ለምን ወደዚህ መጣች? ጤነኛ፣ ወጣት፣ መንታ የምትወልድ በግ ያለው ገበሬ ለሐራጅ አያመጣትም። እኔ ይህን ሳላስብ በአንድ ገበያ አራት እናቶች በርካሽ ገዛሁ። ግታቸውን አልዳሰስኩም። አንዷ ስትወልድ ግማሽ ግቷ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ሆኖ ተገኘ፤ ሁለት ግልገሎች ሌሊት እየተነሣሁ በጡጦ አሳደግሁ። ሌላዋ ይዛው የመጣችው የሰኮና በሽታ ደግሞ ነባሮቹን ጨረሰብኝ ለማለት ምንም አልቀረው፤ ክረምቱን በሙሉ ሰኮና ስቀርፍ ነው የከረምኩ። ከዚያ ወዲህ ከሐራጅ የሚመጣ እንስሳ ሁሉ ሠላሳ ቀን ለብቻው ይታሰራል። አቋሜም ይኸው ነው፦ ለእርድ ከሐራጅ ግዙ፣ ለርቢ ከአርቢው ደጅ ግዙ። ገበሬው እርሻውን ዘግቶ መንጋውን በሙሉ የሚሸጥበት ሐራጅ ብቻ ነው ከዚህ ደንብ የሚወጣው፤ እዚያ ጥሩውም መጥፎውም አብሮ ስለሚሸጥ።

ዋጋው ሲጠራ

አጫራቹ የሚለው ብዙ ነገር ማሟያ ነው። ጆሯችሁ ሁለት ቁጥር ብቻ ይያዝ፦ አሁን የተገኘውን ዋጋና ቀጥሎ የሚፈልገውን። ሁለት ሰኞ ምንም ሳትገዙ ተቀምጣችሁ ብታዳምጡ በሦስተኛው ዜማው ይፈታላችኋል። ከሁሉ በፊት ግን ዋጋው የምን ዋጋ እንደሆነ ጠይቁ። አንዳንዱ በራስ ነው፣ አንዳንዱ በፓውንድ፣ አንዳንዱ በመቶ ፓውንድ። ሁለት መቶ ሃምሳ ሲል ሰምታችሁ በራስ ከመሰላችሁ፣ እርሱ ደግሞ በመቶ ፓውንድ ከሆነ፣ ሰማንያ ፓውንድ የሚመዝነው ጠቦት 200 ዶላር ነው፤ 120 ፓውንድ የሚመዝነው ግን 300። ከታረደ በኋላ የሚቀረው የቁም ክብደቱ ግማሽ ገደማ መሆኑንም አስቡ። ቡድን ሆኖ የሚገባ ከሆነ ስድስቱንም መውሰድ ግዴታ መሆኑን ወይም መምረጥ መቻሉን እወቁ። ይህን ሁሉ ጉረኖው ፊት አስልታችሁ የመጨረሻ ዋጋችሁን ከተጫራች ቁጥራችሁ ጀርባ ጻፉት። እኔ የምጽፈው በእስክሪብቶ ነው፤ በእርሳስ የጻፍኩትን አንድ ቀን አጥፍቼ ጨምሬበታለሁና።

መዶሻው እስኪወርድ ወይም «ተሸጠ» እስኪባል ድረስ የሰጣችሁትን ዋጋ መተው እንደምትችሉ ብዙ ሰው አያውቅም። በፔንሲልቬንያም በሚሠራበት የንግድ ሕግ፣ ሻጩ ሳያስታውቅ ራሱ ወይም በሰው በኩል እየተጫረተ ዋጋ ካስወጣባችሁ ግዢውን ማፍረስ ወይም በመጨረሻው የእውነት ዋጋ መውሰድ ትችላላችሁ። እኔን ግን ዋጋ ያስወጣብኝ ሻጩ አልነበረም። አንድ የጥቅምት ሰኞ ከባለቤቴ ወንድም ጋር ሄደን፣ እርሱ በአንዱ ጥግ እኔ በሌላው ቆመን፣ ምሰሶ ጋርዶን፣ ለአንድ ሙክት እርስ በርሳችን ስንጫረት ቆየን። ሌላው ሰው ከተወው ቆይቷል። አሸነፍኩት፤ ሂሳብ ስንከፍል ነው ያወቅነው። አብራችሁ ከሄዳችሁ አንድ ሰው ብቻ ይጫረት። ከማታውቁት ተጫራች ጋር «አንተ ተው፣ እኔም ለአንተ እተዋለሁ» መባባል ግን ዘመድነት አይደለም፤ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው።

ፋሲካና ቅርጫ

ዋጋ የሚሰቀለው በእኛ በዓል ብቻ አይደለም። የምዕራባውያን ፋሲካ ሲቀርብ ትንንሽ፣ ወተት የጠገቡ ግልገሎች ይወደዳሉ፤ ለአረፋ ደግሞ ቁመናው የሞላ ይፈለጋል። በፈረንጆቹ 2024 የእኛ ፋሲካ ከእነርሱ በአምስት ሳምንት ዘግይቶ ሚያዝያ 27፣ በእነርሱ ሜይ 5 ዋለ፤ ሌላው ሰው በዓሉን ጨርሶ ስለነበር ጉረኖው ፊት ግፊያ አልነበረም። በ2025 ግን ሁለቱ በአንድ ቀን፣ ሚያዝያ 12፣ በእነርሱ ኤፕሪል 20 ዋሉ። እንዲህ ባለው ዓመት ከአንድ ወር በላይ ቀድማችሁ ገዝታችሁ ድርቆሽ ብታበሉ ይሻላል፤ ቦታ ያለው ዘመድ ካላችሁ።

ቅርጫ ለመግባት የምታስቡ የእርዱን ቀጠሮ ከበሬው በፊት ያዙ። ቄራዎች ለበዓል ሰሞን ቀድመው ይሞላሉ። ለባለቤቱ ብቻ በሚያርደው ቄራ የታረደ ሥጋ «አይሸጥም» የሚል ማኅተም ይመታበታል፤ መብላት የሚችሉት ባለቤቱ፣ ቤተሰቡ፣ ሠራተኞቹና የማይከፍሉ እንግዶቹ ናቸው። ስለዚህ አሥር ሰው የሚካፈለው በሬ ከሆነ አሥሩም ከመታረዱ በፊት ባለቤት ይሁኑ፦ ገንዘቡ ቀድሞ ይሰብሰብ፣ ስማቸው ለቄራው ይሰጥ። አርዶ ኋላ ድርሻ መሸጥ ሌላ ነገር ነው። ግዛት አቋርጣችሁ የምትወስዱ ከሆነ የእንስሳት ሐኪም የጤና ወረቀት ይጠየቅ እንደሆነ እዚያው ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ጠይቁ፤ ተጎታቹ ላይ ከተጫኑ በኋላ አይደለም።

ሻጭ ስትሆኑ

ለመሸጥ ነገሩ አጭር ነው። እኩያ እኩያውን ለዩ፤ ስድስት እኩል ጠቦቶች መካከል አንድ ከሲታ ከገባ ገዢው ሁሉንም በከሲታው ዓይን ያያል። ስክሬፒ የተባለውን የበግ የአንጎል በሽታ ለማጥፋት ሲባል የሚጠየቀው የመንጋ መለያ ጆሮው ላይ ይኑር። መድኃኒት ከሰጣችሁ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የማቆያ ቀን (ሥጋው ከመድኃኒቱ እስኪጠራ የሚጠበቀው) ይለቅ። በማለዳ አድርሱ፤ በጉዞና በመቆም ክብደት ይቀንሳል። ዋጋው ካልጣማችሁ «አልሸጥም» ማለት ይቻል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የገበያው ድርሻ ግን ቢሸጥም ባይሸጥም ሊቆረጥ ይችላል። በ1921 በወጣው የከብት ገበያ ሕግና በደንቦቹ መሠረት ገበያው ለሻጩ ገንዘቡን እስከ ማግስቱ የሥራ ቀን መጨረሻ መላክ አለበት፤ ሚዛኑም በዓመት ሁለት ጊዜ ይፈተሻል። አባቴ ይህን ቢሰማ አያምነኝም ነበር።

የጭቃው ሐራጅ

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ ከፌብሩዋሪ መጨረሻ አንሥቶ፣ የላንካስተር መንደሮች የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎቻቸውን ለመደገፍ ሐራጅ ያደርጋሉ። መሬቱ ጭቃ ስለሚሆን ስሙም የጭቃ ሐራጅ ነው። በማርች የሚደረገው የጎርደንቪሉ የታወቀ ነው። አሚሾች (ዘመናዊ መሣሪያን የሚርቁ የአካባቢው የክርስትና ማኅበር ሰዎች) በፈረስና በበቅሎ የሚጎተት ማረሻ፣ የፍግ መበተኛ፣ ሠረገላ፣ በጨርቅ ቁራጭ የተሰፋ ብርድ ልብስ ያወጣሉ። ሞፈርና ቀንበር እያየ ላደገ ሰው ያ ሜዳ መውጣት የማይፈለግበት ቦታ ነው። አስቸጋሪው ብዙ አጫራቾች በተለያየ ቦታ በአንድ ጊዜ መሸጣቸው ነው፤ አንዱ ትራክተር ጋ ሌላው ዕቃው ጋ ቁሙ። ቦቲ ጫማ ያላደረገ ሰው እኩለ ቀን ሳይሆን ይማረራል።

ማሽን የሚሸጠው እንዳለ፣ ባለበት ነው፤ ማግስት አቤት አይባልም። በማለዳ ድረሱና መጀመሪያ የሞተሩን ጎን በመዳፋችሁ ንኩ። ሞቅ ካለ እናንተ ሳትመጡ አንድ ሰው አስነሥቶታል፤ በብርድ መነሣት የማይወድ ስለሆነ ነው። እኔ 2400 ዶላር ከፍዬ የገዛሁት ትራክተር ሞቅ ብሎ ነበር፣ እኔም የፀሐይ ሙቀት መስሎኝ ነበር። በማርች! ማግስት ጠዋት ግቢዬ ውስጥ አልነሣ አለ፤ የነዳጅ ፓምፑን ለማሳደስ ሌላ ገንዘብ ሄደ። የሞተሩ ዘይት ወተት የነካው ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። የሰዓት ቆጣሪው ትንሽ ቁጥር እያሳየ የፍሬን ፔዳሉ ተልጦ ካበራ ፔዳሉን እመኑ። ከኋላው ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ መዞሩን፣ ማንሻ ክንዱም ጭነት ይዞ ሲቆም ቀስ እያለ አለመውረዱን ሳታዩ አትጫረቱ።

በቤት ዕቃው በኩል የሚያስቸግረው «ታይምስ ዘ መኒ» የሚሉት ነገር ነው። የሚጠራው የአንዱ ዋጋ ነው፤ ያሸነፈ ሁሉንም በዚያ ዋጋ ይወስዳል። ስድስቱን ወንበር በ30 ዶላር ያገኘሁ መስሎኝ ተደስቼ ሳለ 180 ክፈል ተባልኩ። ወንበሮቹ ጥሩ ናቸው፤ እንግዳ ሲመጣ ይህን ታሪክ ባለቤቴ ናት የምትነግረው።

ካርቶን ሙሉ ዕቃ በአንድ ላይ ሲሸጥ ደግሞ ጥሩው ታች ነው ያለው። ካርቶኑን እስከ ታች በርብሩ፣ እንደነበረው መልሱ፣ ሊሸጥ ሲልም እንደገና እዩት። የእጅ ቡና መፍጫ አይቼበት የተጫረትኩበት ካርቶን ቤቴ ሲከፈት የማሰሮ ክዳንና የተሰነጠቀ ብርጭቆ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል፤ በመካከሉ አንድ ሰው መፍጫውን ወደ ሌላ ካርቶን አዛውሮት ኖሯል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ መፍጫ አገኘሁ። ካርቶኑ ላይ እግሬን አድርጌ ቆምኩ፣ 15 ዶላር ከፈልኩበት። እጀታው ይላላል፤ በየእሑዱ ቡና ከመፈጨቱ በፊት አጠብቀዋለሁ።